ገመድና ዘለበት

ባለፈው ሰኔ በክፍላችን የዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ላይ የነበራችሁ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካንና በላዩ የተጠመጠመውን የሱፍ ማሰሪያ ታስታውሱ ይሆናል። «የውኃ መሸከሚያ ማሰሪያ» የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ከሥሩም የእኔ ስም። ብዙዎቻችሁ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክራችሁታል፣ ፎቶ የተነሣችሁበትም አላችሁ። ያ ሥራ ኤ አስገኝቶልኛል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚያ ማሰሪያ በኤግዚቢሽኑ ቀን ያልነገርኳችሁን፣ ያኔ እኔም ያላወቅኩትን ነገር ልነግራችሁ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥዕል ነው የምትማረው?

ዲዛይን ክፍል መመደቤን ለአባቴ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ሥዕል ለመማር ነው አሥራ ሁለት ዓመት የደከምከው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ዲዛይን ማለት ምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። ደብተሬ ጀርባ ላይ መኪናና ጫማ መሣል እወድ ነበር፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

አባቴ የአንኮበር ሰው ስለሆነ ያለኝ አንድ መከራከሪያ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ነበር። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ አገር ተልከው፣ እዚያ ግን ወደ ሥነ ጥበብ መዞራቸውን ነገርኩት። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት የሠሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ለቴምብር ሳይቀር ንድፍ ማውጣታቸውን ጨመርኩለት። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «እሳቸው እኮ አንድ ናቸው» አለኝ። ልክ ነበር። ይህች ቃል ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

የእርሳስ ወራት

የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርቶች ፍሪሃንድ ድሮዊንግ፣ ቴክኒካል ድሮዊንግ፣ ቤዚክ ዲዛይንና የሥነ ጥበብ ታሪክ ነበሩ። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነው ወደ ክፍል የምንሄደው። ጣት አይታዘዝም። የፍሪሃንድ መምህራችን የመጀመሪያ ቀን ያዘዙን ሥራ ያለ ማስመሪያ 100 ትይዩ መስመሮችን ማስመር ነበር። «ይሄ ነው ኮሌጅ?» አልኩ በልቤ። ከሃያኛው መስመር በኋላ የእኔ መስመሮች ከጠላ ቤት እንደወጣ ሰው ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር። መስመር የሚሰመረው ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ እንደሆነ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ክንድ በሙሉ ሲንቀሳቀስ መስመሩ ይረጋል።

ቴክኒካል ድሮዊንግ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይቶ በሦስት ሥዕል ማስቀመጥ፣ ከዚያም ልኩን በሚሊ ሜትር መጻፍ። ሌላ ሰው ሥዕሉን ብቻ አይቶ፣ እኔን ሳይጠይቅ ዕቃውን መሥራት መቻል አለበት። የመጀመሪያ ወረቀቴ ከላጲስ ብዛት ተበሳ። ሲ አገኘሁ። ከዚያ በፊት በሥዕል ሲ አግኝቼ አላውቅም ነበርና ክፍል ለመቀየር ማመልከቻ እስከመጻፍ ደርሼ ነበር። ማመልከቻው እስካሁን ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ያቆየኝ አንድ በርጩማ ነው። አንድ ቀን መምህራችን ባለ ሦስት እግር የእንጨት በርጩማ ይዘው ገቡና መሐል አስቀምጠው «ሣሉት» አሉን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሣልን። እኔ ጥላውን በ6ቢ እርሳስ አጥቁሬ፣ የእንጨቱን ጅማት ሳይቀር አውጥቼ በሥራዬ ተደስቼ ነበር። ሲያበቁ «ለምን ሦስት እግር ሆነ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ «እንጨት ለመቆጠብ» አለ። እኔ «ለውበት» አልኩ። መምህሩ ምንም ሳይሉ በርጩማውንና አንድ የክፍል ወንበር ይዘው ወደ ውጭ ወጡ፤ ተከተልናቸው። ሁለቱንም ጎርባጣ መሬት ላይ አስቀመጧቸው። ባለ አራት እግሩ ወንበር ተወዛወዘ፤ በርጩማው ግን ንቅንቅ አላለም። ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ቢጎረብጥም ሦስቱም እግሩ መሬት ይነካሉ። «በርጩማውን የጠረበው ሰው የሚቀመጥበት ቤት ወለሉ ሊሾ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር» አሉ። «እናንተ ሁለት ሰዓት ሣላችሁት፤ አንዳችሁም ግን አልጠየቃችሁትም።»

ይህን ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። መጻፍና መማር ግን ለየቅል ናቸው፤ ኋላ እንደምታዩት።

የአንበሳው ጎፈር

ቀለም ስንማር ከሦስት መሠረታዊ ቀለሞች ተነሥተን 12 ቀለም ያለው ክብ መሥራት ነበረብን። የእኔ ክብ ግማሹ የክረምት ጭቃ መሰለ። ብሩሼን በደንብ ሳላጥብ ነበር የማደባልቀው። በማግሥቱ መምህሯ «እንግዲያው ቀለም እንቀንስላችሁ» ብለው አራት ቀለም ብቻ ሰጡን፤ በጎቻችን ራሳቸው የሚሰጡትን ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ግራጫ። ሥራው ካልተነከረ ሱፍ ለሚሠራ ምንጣፍ ንድፍ ማውጣት ነው። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በሱፍ ምንጣፏ የታወቀች ናትና ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጎፈሩ የተበተነ አንበሳ ሣልኩ። ንድፋችንን ለሚሠራ ሰው ማሳየት ግዴታ ስለነበር ከተማ ውስጥ ምንጣፍ ወደሚሠሩ አንድ አባት ይዤው ሄድኩ። ወረቀቱን ቀረብ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ጎፈር ስንት ክር ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ከዚያ በእጄ አስይዘው አሳዩኝ። ድሩ ቁልቁል የተወጠረ ነው፣ ማጉ አግድም ያልፋል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በማዕዘን ነው። ክብ የሚባል ነገር የለም፤ ክብ የሚመስለው ሁሉ ሲጠጉት ደረጃ ነው። ክሩ በወፈረ ቁጥር ደረጃው ይገዝፋል። ወደ ዶርም ተመልሼ በካሬ ወረቀት ላይ አንበሳዬን በደረጃ ስሠራው ፍየል ሆኖ አረፈው። ጓደኞቼ እስካሁን «ፍየሉ» ይሉኛል። በመጨረሻ ያስረከብኩት በአራት ቀለም የተደረደረ የጥርስ ቅርጽ ነበር፤ ቢ ፕላስ።

በዚያው ሰሞን በሥነ ጥበብ ታሪክ ስለ ባውሃውስ ተማርን። በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ቫይማር ከተማ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ወደ ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት ስለ ቀለም፣ ስለ ቅርጽና ስለ ቁስ መሠረታዊ ኮርስ ይወስድ ነበር። የእኛ ቤዚክ ዲዛይን የዚያ ኮርስ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ1922 እ.ኤ.አ. የገባችው አኒ አልበርስ ሴቶች ይላኩ የነበሩት ወደ ሽመና ወርክሾፕ ስለነበር ሳትወድ ሽመና ገባች፤ ኋላ ግን በሽመና ጥበብ ዓለም ያወቃት ሆነች። የእሷን ሥራዎች ፎቶ ሳይ የሚታየኝ የኛው አባት የክር ጥያቄ ነው። እሷም እንደሳቸው ክሩን ጠይቃ ነው የጀመረችው።

ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ

የሁለተኛው ሴሚስተር ዋና ፕሮጀክት አሥር ሳምንት የሚፈጅ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ የምታውቁትን አንድ ሰው ምረጡ፣ ያ ሰው በየቀኑ የሚቸገርበትን አንድ ነገር ፈልጉ፣ ከ500 ብር በማይበልጥ ወጪ መፍትሔ ሥሩለት።

እኔ የመረጥኩት አክስቴን ነው፤ እኛ ቤት «እትዬ» ነው የምንላቸው። የሚኖሩት አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን መንገዱ ሲያልቅ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ጉሙ ሲገለጥ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ቤቱ ዳገት ላይ፣ ምንጩ ቁልቁለት ላይ ነው። ማለት ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ፣ 20 ሊትር ተሸክመው ይወጣሉ።

ክረምት ክረምት እዚያ ነው ያደግኩት። ያን ውኃ ጠጥቻለሁ፣ ታጥቤበታለሁ። አንድም ቀን ግን በገመድ አዝዬ አላውቅም፤ ወንድ ልጅ ነኛ! እኛ ከብት እንጠብቃለን፣ ውኃ የሴት ነው። ይህን አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አልታየኝም።

መጋቢት ላይ ቅዳሜና እሑድ ሄጄ ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ወረድኩ። ቁመታቸውን፣ የትከሻቸውን ስፋት፣ የጀሪካኑን ልክ ለካሁ። ገመዱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አሮጌ ገመድ ነው። ጀርባቸው ላይ ያለውን ጀሪካን ከሥር ይዞ በሁለት ትከሻቸው ላይ ያልፍና ጫፎቹ ደረታቸው ላይ ይገናኛሉ። ዳገቱን ሲወጡ ሦስት ቦታ ላይ ወገብ የሚያህል ድንጋይ አለ፤ ጀሪካኑን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። ይህንንም አየሁ፤ «ሦስት ጊዜ ያርፋሉ» ብዬ ጻፍኩ። ቤት ስንደርስ ትከሻቸው ላይ የቀረውን ቀይ መስመር አሳዩኝ።

«እትዬ፣ ምኑ ነው በጣም የሚያስቸግርዎት?» አልኳቸው።

«ገመዱ ይቆርጠኛል፣ የኔ ጌታ» አሉኝ።

ይህንንም ጻፍኩና ደብተሬን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ወጣሁ። እዚያ ስቀመጥ ትዝ ያለኝ አልፍሬድ ኢልግ ነው። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰ የስዊስ መሐንዲስ ነው። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነበር ይባላል። መሐንዲስን ጫማ! ድሮ ይህን ታሪክ ስሰማ ያስቀኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን «ንጉሡ ብልህ ናቸው» አልኩ፤ ጫማ ልክ መሆኑን የሚያውቀው የሠራው ሳይሆን የተጫማው ሰው ነውና። ይህንን አስቤ፣ ተደስቼ፣ ከኮረብታው ወርጄ፣ ተቃራኒውን ሠራሁ።

ስሌቱ ልክ ነበር

ክፍል ውስጥ ሐሳባችንን ስናቀርብ አንድ ጓደኛዬ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሂፖ ሮለር» እንድሞክር ነገረኝ። 90 ሊትር የሚይዝ በርሜል ነው፤ በእጀታ እየተገፋ መሬት ላይ ይንከባለላል። ለሜዳ አገር ግሩም ነው። አንኮበር ላይ ግን ወይ አይወጣም፣ ወይ ካመለጠ ቆላ ደርሶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ወደ ትከሻ ተመለስኩ።

ስሌቴ ይህ ነበር። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ያ ክብደት ትከሻን የሚጫነው በገመዱ ስፋት፣ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ስፋቱን 6 ሴንቲ ሜትር ባደርገው ያው ክብደት በአራት እጥፍ ቦታ ላይ ይከፋፈላል፤ ትከሻን የሚቆርጠው ጫና ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ቁሱ የአገራችን ሱፍ ይሁን አልኩ፤ ይለሰልሳል፣ ቢረጥብም ያሞቃል። ምንጣፍ የሚሠሩት አባት ቁራጭ ባና ሰጡኝና «መጀመሪያ ነክረህ ርገጠው፣ ከዚያ ለካው፤ አለዚያ ኋላ ይሰበሰብብሃል» አሉኝ። ያን ምክር በመስማቴ ልኬ አልተዛባም። ደርቤ ሰፋሁት፣ ጠርዙን በጥቁር ክር ከፈፍኩት፣ የጥርስ ቅርጼንም አስገባሁበት።

የቀረው ደረት ላይ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ገመዱን እትዬ በእጃቸው ነበር የሚይዙት። እጅ እንዳይደክም፣ ነፃ እንዲሆን ብዬ የብረት ዘለበት አደረግሁበት፤ እንደ ቀበቶ፣ ምላስ ያለው። ሥዕሉ ላይ በጣም ያምር ነበር። ውኃ የሞላ ጀሪካን አዝዬ የኮሌጁን አስፋልት ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ሰው ሳቀብኝ እንጂ ማሰሪያው ምንም አልሆነ። ጠቅላላ ወጪው ከተፈቀደው በታች ነበር።

በኤግዚቢሽኑ ቀን አባቴ መጣ። ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ብዙ ቆመ፤ ሱፉን በሁለት ጣቱ ዳበሰው። «ስንት ይሸጣል?» አለኝ። ለእኔ ከኤው ይልቅ ያ ጥያቄ ይበልጥብኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሰሪያውን ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ግቢ ውስጥ አዝለው ሞከሩት፣ «እሰይ! ትከሻዬ ዐረፈ» ብለው መረቁኝ። ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

መስቀል

ክረምቱን ሙሉ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራ ስለማመድ ቆየሁ። አንኮበር የደረስኩት ለመስቀል ነው። እትዬ ግራ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ሳሙኝ። ልብ አላልኩም። ማታ ላይ የአክስቴ ልጅ ምድጃው ዳር «አንተ፣ አልሰማህም እንዴ?» አለችኝ።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናብ ዘንቦ መንገዱ አሟልጧል። እትዬ ውኃ ሞልተው ሲወጡ፣ ከሁለተኛው ድንጋይ በላይ እግራቸው ከዳቸው። ጀሪካኑ ወደ ኋላ ጎተታቸው፤ ዘለበቱ ደረታቸው ላይ እንደተቆለፈ አብረው ወደቁ። በግራ እጃቸው መሬት ሲደግፉ አንጓቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸው። ነሐሴን ሙሉ እንጀራ የጋገረችው ልጅቷ ናት። «እንዳትነግሩት፣ ትምህርቱን ይጠላል» ብለው ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ በገመድ ቢሆን አይወድቁም ነበር?»

«ኧረ በገመድም ስንቴ ወድቄያለሁ! ገመድ ሲሆን ግን እለቀዋለሁ። ጀሪካኑ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። ያንተን ማን ይፍታው?»

ቀበቶ የታጠቀ ሁሉ ይህን ያውቃል። ምላስ ያለውን ዘለበት ለመፍታት መጀመሪያ ትንሽ ማጥበቅ ያስፈልጋል። 20 ኪሎ ወደ ኋላ እየጎተተ፣ በእርጥብና በደነዘዘ ጣት ማን ያጠብቃል? ይህ ብቻ አይደለም። በየድንጋዩ ሲያርፉ ገመዱን ለቀቅ ያደርጉት ነበር፤ ደረታቸው ይተነፍሳል። ዘለበቱን መፍታትና መልሶ መቆለፍ ስለሚያታክታቸው ግን ማረፉን ትተውት ነበር። ሦስት ዕረፍት ወደ አንድ ወርዶ ነበር። እኔ «ሦስት ጊዜ ያርፋሉ» ብዬ የጻፍኩት ደብተሬ ውስጥ አለ። ለምን እንደሚያርፉ፣ እጃቸው ያን ጊዜ ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅኩም። እጅ «የሚደክም» ነገር መስሎኝ ነበር፤ የእትዬ እጅ ግን የሚጠብቃቸው ነገር ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም? ስሰጥዎት እንኳ?» አልኳቸው።

«ስንት ለፍተህበት! ደሞስ መች ጠየቅከኝ? የጠየቅከኝ ገመዱ ምን እንደሚያደርገኝ ነው። ምን እንደሚያደርግልኝ አልጠየቅከኝም።»

ከዚያ ልጅቷን «አምጪለት» አሏት። ማሰሪያዬን አመጣችው። ሱፉ እንዳለ ነው። ዘለበቱ ግን ተፈትቶ ወጥቷል፤ በእሱ ፋንታ በሁለቱም ጫፍ አሮጌው ገመድ ክንድ ክንድ ያህል ተሰፍቶበታል። ትከሻ ላይ ሱፍ፣ እጅ ላይ ገመድ። ጀሪካኑ ሲታዘል የገመዱን ጫፎች መዳፍ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ መያዝ ነው፤ እጅ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይለቃል። እትዬ አንድ እጃቸው ታስሮ እያለ በአፋቸው እየነገሯት ልጅቷ ሰፋችው። አሁን ውኃ የምትቀዳው በዚሁ ነው።

«ዘለበቱስ?» አልኩ።

«አባዬ ቀበቶው ላይ አደረገው» አለችኝ እየሳቀች። «ደህና ዘለበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ

እንደተመለስኩ ለፕሮጀክት መምህራችን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውጤቴ ይቀየር እንደሆነም ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡና «ኤው የተሰጠህ ለሥዕሉ፣ ለስሌቱና ለስፌቱ ነው፤ እነሱ ልክ ነበሩ» አሉኝ። «ያልለካነውን ነገር ግን እኔም አልጠየቅኩህም። ቡለቲኑ ላይ ጻፈው።» ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ከባድ ቦርሳ ይዘው ወንዝ የሚሻገሩ ተራራ ወጪዎች የወገብና የደረት ማሰሪያቸውን ፈትተው እንዲሻገሩ ይመከራሉ፤ ከወደቁ ቦርሳውን ጥለው እንዲነሡ። የመኪና የወንበር ቀበቶ ክብደት እየጎተተውም ቢሆን በአንድ ጣት ግፊት እንዲፈታ ሆኖ ነው የተሠራው። ቪክተር ፓፓኔክ የተባለው ዲዛይነርም በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዲዛይነር በሥራው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አለበት ብሎ ተከራክሯል። ይህ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ግን ዕቃን ለማሰር ብቻ ሳይሆን ለመልቀቅም መንደፍ እንደሚያስፈልግ ያስተማረኝ፣ በግልጽ እናገራለሁ፣ ያ አሮጌ ገመድ ነው። እትዬና የእሳቸው እናት፣ የእናታቸውም እናት ስንት ጊዜ ወድቀው እንዳወቁት እንጃ።

ማሰሪያውን እንደ አዲስ በቴክኒካል ድሮዊንግ ሕግ ሣልኩት፤ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከነልኩ። በወረቀቱ ቀኝ ጥግ ከታች ባለችው ሠንጠረዥ ውስጥ «ንድፍ» በሚለው መስመር ላይ የእትዬን ስም ጻፍኩ፤ «ሥዕል» በሚለው ላይ የእኔን። ለአባቴም አሳየሁት። እህቱ ናቸውና ስማቸውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እሷም ዲዛይነር ሆነች?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ለመምህራኖቻችን አንድ ትሕትና የተሞላበት ሐሳብ አለኝ። የፕሮጀክቱ ውጤት የሚሰጠው በኤግዚቢሽኑ ቀን ከሚሆን፣ ዕቃው ለተሠራለት ሰው ተሰጥቶ አንድ ወር ከቆየ በኋላ ቢሆን፤ ከውጤቱም የተወሰነው ተጠቃሚው በሚናገረው ላይ ቢመሠረት። ፕሮጀክቱን አራት ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ይጠይቃል። ግን ይቻላል።

ዘንድሮ ለገባችሁ ተማሪዎች ደግሞ ከአንድ ዓመት የሰበሰብኳትን ላካፍላችሁ። መስመር ከትከሻ ይሰመራል። ብሩሽ በየቀለሙ ይታጠባል። ሱፍ ተነክሮ፣ ተረግጦ ነው የሚለካው። ሲ ስታገኙ ማመልከቻውን ጻፉ፤ ግን አታስገቡት። አሮጌ ነገር ልታሻሽሉ ስትነሡ በመጀመሪያ ምን እንደሚጎዳ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚጠቅም ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳትረሱ። ከዚያ ራሳችሁ ተሸከሙት፤ በአስፋልት ላይ ሳይሆን ሰውየው በሚሄድበት መንገድ፣ በዝናቡም ጊዜ።

የእትዬ አንጓ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ይጠዘጥዛቸዋል። አንኮበር ደግሞ ብርድ የማይሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ማሰሪያ ወርክሾፑ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መሞከር የምትፈልጉ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሙሉትና ከወርክሾፑ ኋላ ባለው ደረጃ ላይ ውጡ። መሐል ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ክፈቱ። ከታች ማንም ሰው አለመቆሙን ግን አስቀድማችሁ እዩ።

መልካም የትምህርት ዘመን።